ማክኦኤስ አልጫን ሲል፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

በዚህ ወር ከመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ጣጣ ላይ ናቸው። አፕል አዲስ ሲስተም መስጠቱን ያቆመበት ላፕቶፕ ላይ፣ ወይም ጭራሽ አፕል ባልሠራው ላፕቶፕ ላይ ማክኦኤስ መጫን። ስለዚህ ዓምዱን በሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ ነገሩ እምቢ ባለ ቁጥር ከዜሮ መጀመር ብዙ ጊዜ አይፈታውም። ስክሪኑ ላይ የወጣውን አንብቡ፣ ከዚያ ነው ፍላሽ የሚነሳው።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? የሠርግ ቪዲዮ ነው የምሠራው። 13 ኢንች ማክቡክ ፕሮ፣ የ2012 አጋማሽ ሥሪት፣ ከሰው ላይ ገዛሁ። ካታሊና የሚባለው የማክኦኤስ ሥሪት ላይ ቆሟል፣ አዲሱ ፋይናል ካት ደግሞ አልጫንም ይላል። በኦፕንኮር ሌጋሲ ፓቸር (አፕል በተዋቸው ማኮች ላይ አዲስ ሲስተም የሚያስጭን ፕሮግራም) አዲሱን ሥሪት ሶኖማን ፍላሽ ላይ አዘጋጅቼ ላስነሳ ስል ክብ ውስጥ ሰያፍ መስመር ያለበት ምልክት ያወጣና ቀጥ ይላል። ፍላሹን ደጋግሜ ሠራሁት፣ ያው ነው። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን? ከሐዋሳ

መልስ፦ አልተበላሸም ወንድሜ። ያ ምልክት «ይህ ሲስተም ለዚህ ማሽን አይሆንም» ማለት ነው፣ እሱም እውነቱን ነው፤ ለዚህ ሞዴል አፕል የሰጠው የመጨረሻው ካታሊና ነው። ፓቸሩ የሚሠራው መሃል ገብቶ ማሽኑን በማግባባት ነው። አንተ ግን ሳይገባ አልፈኸዋል።

ሲነሳ ኦፕሽን ቁልፍን ይዘህ ስትቆይ የሚነሳባቸው ዲስኮች ይደረደራሉ። እዚያ ላይ ዓይን ቶሎ የሚያርፈው «ኢንስቶል ማክኦኤስ ሶኖማ» የሚለው ላይ ነው፣ ሰውም እሱን ይጫናል፣ ክቡም ይመጣል። መጀመሪያ መምረጥ ያለብህ «ኢኤፍአይ ቡት» የሚለውን ነው። እሱ ሌላ ዝርዝር ይከፍትልሃል፣ ኢንስቶለሩን የምትመርጠው ከዚያ ውስጥ ነው። ኢኤፍአይ ቡትን ስትመርጥ ኮንትሮል ቁልፍን አብረህ ተጫን፤ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ በእሱ በኩል ይነሳል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ ምክንያቱም መጫኑ በመሃል ራሱን እያጠፋ ይነሳል፣ አንዷን ዙር በሌላ በር ከገባ መልሰህ ክቡን ታያለህ።

ተጭኖ ካለቀ በኋላ ሁለት ሥራ ይቀርሃል። አንደኛ፣ ኦፕንኮርን፣ ማለትም ማሽኑን የሚያስነሳውን የፓቸሩን ክፍል፣ ከፍላሹ ወደ ውስጠኛው ዲስክ መጫን፤ ይህን ካልሠራህ ፍላሹ በተነቀለ ቀን ማሽኑ አይነሳም። ሁለተኛው ሩት ፓች ነው፣ አፕል ያወጣውን ድራይቨር ሲስተሙ ውስጥ መልሶ ማስገባት። የአንተ ማሽን ግራፊክስ ኢንቴል ኤችዲ 4000 ነው፣ አፕል ደግሞ የእሱን ድራይቨር ከሞንቴሬይ ጀምሮ አውጥቶ ጥሎታል። ፓቹን እስክትጭን ድረስ መስኮት ስትጎትት እንኳ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ይሄን አይቶ «ሶኖማ ለዚህ ማሽን ከብዶታል» ብሎ ሳይጨርስ ወደ ኋላ ይመለሳል። ድራይቨር የለውማ! ፓቹን ጫን፣ ሪስታርት አድርግ፣ ከዚያ ፍረድ።

አሁን ስለ ራሱ ስለ ማሽኑ። ይህ ሞዴል የታወቀ ሕመም አለው፤ ሃርድ ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ስስ ጠፍጣፋ ኬብል። ከአሉሚኒየሙ ጋር እየተፋተገ በጊዜ ብዛት ይጎዳል። መጫኑ ግማሽ ላይ ከቆመ፣ ዲስኩ አንዴ ታይቶ አንዴ ከጠፋ፣ ወይም የጥያቄ ምልክት ያለበት ፎልደር ብልጭ ድርግም ካለ ሶፍትዌሩን ተወውና እሱን ጠርጥር። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ዲስኩን አውጥተህ በዩኤስቢ ኬዝ ከውጭ ሰካው። ከውጭ ደህና ከሠራ ጥፋቱ የኬብሉ ነው፣ ዲስክ በከንቱ አትግዛ። አዲሱን ኬብል ስታስገባ የሚነካበት ቦታ ላይ የኤሌክትሪክ ቴፕ ለጥፍ፣ የልምድ ጥገና ነው ግን ይሠራል።

ዲስኩ የድሮው የሚሽከረከር ዓይነት ከሆነ በኤስኤስዲ ቀይረው፣ ራሙን ቢያንስ 8 አድርሰው። አፕል እስከ 8 ነው ይበል እንጂ 16 ይቀበላል። ከዚህ ሁሉ በኋላም እውነቱን ልንገርህ፦ ያ ግራፊክስ ኤችኢቪሲ የሚባለውን የቪዲዮ መጭመቂያ በሃርድዌር መፍታት አይችልም። ከአዲስ ስልክና ከአዲስ ካሜራ የመጣ ቪዲዮ ቀጥታ ታይምላይን ላይ ብትጥለው ያንቀረፍፋል። ፕሮክሲ (ለኤዲቲንግ ብቻ የሚሆን ቀለል ያለ ቅጂ) እየሠራህ ከሆነ ሠርግ ይወጣበታል። ፎር ኬ በቀጥታ ከሆነ ግን ራስህን አታስጨንቅ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ2015 ማክቡክ ኤሬን ለእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ልልክለት አጸዳሁት። ከኢንተርኔት ሲስተሙን ልመልስ ስል የሪከቨሪ ሰርቨሩን ማግኘት አልተቻለም ይለኛል። በፍላሽ ስሞክር ደግሞ ኢንስቶለሩ ተበላሽቷል አለኝ። ዋይፋዩ ይሠራል። ከሜሪላንድ

መልስ፦ ጋሼ፣ ሁለቱም መልእክቶች ብዙ ጊዜ የሚመጡት ከአንድ ቦታ ነው፤ ከቀኑ። ላፕቶፑ ባትሪው አልቆ ብዙ ከተቀመጠ ቀኑ ወደ ኋላ ዓመታት ይመለሳል። ኢንስቶለሩ ደግሞ የምስክር ወረቀት አለው፣ ቀኑ ከወረቀቱ ጋር ካልገጠመ «ተበላሽቷል» ብሎ ይከሳል። ከላይ ካለው ሜኑ ዩቲሊቲስ፣ ከዚያ ተርሚናልን ይክፈቱ። «ዴት» (date) የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻውን ጽፈው ኢንተር ሲጫኑ ማሽኑ ስንተኛው ዓመት ላይ እንዳለ ይነግርዎታል። ስህተት ከሆነ ያንኑ ቃል ጽፈው፣ አንድ ክፍተት ትተው፣ ወር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃና ዓመትን ሁለት ሁለት አሃዝ ገጥመው ይጻፉ። ለኖቬምበር 5፣ 2025፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ30 (በፈረንጅ አቆጣጠር 15፡30) ቢሆን 1105153025 ማለት ነው። አገር ቤት ላላችሁ፦ የፈረንጅ ቀን ነው የሚሞላው! በእኛ ዘመን 2018 ብላችሁ ከሞላችሁ ማሽኑን በሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሰደዳችሁት፣ ሰርቨሩም አይከፍትላችሁም።

ቀኑ ትክክል ሆኖ «ተበላሽቷል» ካለ ደግሞ ፍላሹ ላይ ያለው ኢንስቶለር አሮጌ ይሆናል። ከኦክቶበር 24፣ 2019 በፊት የወረዱት የምስክር ወረቀታቸው በዚያ ቀን አልፎበታል፣ ከአፕል እንደ አዲስ ማውረድ ነው። ለእርስዎ ሞዴል አፕል ራሱ እስከ ሞንቴሬይ ይሰጣል። ለተማሪ ልጅ ስለሆነ እሱው ይብቃው እላለሁ፣ ፓቸር ውስጥ አይግቡ። ከመላክዎ በፊት ግን ከአይክላውድ መውጣትዎን ያረጋግጡ፣ የፈርምዌር የይለፍ ቃል አስገብተው ከነበረም ያንሱት። ያ ቃል ከተረሳ አፕል ያለ ግዢ ደረሰኝ አያነሳውም፣ ልጁም አዲስ አበባ ላይ በተቆለፈ ላፕቶፕ ሲንከራተት ይከርማል።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር ሳይንስ ነው የምማረው። የአፕል አፕ መሥሪያው ኤክስኮድ ስለሚያስፈልገኝ ኤችፒ ላፕቶፔ ላይ ማክኦኤስ ጭኜ ሃኪንቶሽ ልሠራ ነው። 11ኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ነው፣ ግራፊክሱ አይሪስ ኤክስኢ። ከቴሌግራም ሌላ ሰው የሠራውን ኢኤፍአይ ፎልደር (ሲስተሙን የሚያስነሳ ቅንብር ያለበት) አውርጄ ሞከርኩ፣ «ኤግዚት ቢኤስ ስታርት» የሚል መስመር ላይ ይቆማል። ምን ላስተካክል? ከባሕር ዳር

መልስ፦ ምንም አታስተካክል፣ ተወው። ማክኦኤስ ውስጥ ለአይሪስ ኤክስኢ ድራይቨር የለም። አፕል በዚያ ቺፕ ማክ ሠርቶ አያውቅም፣ ከ10ኛው ትውልድ በኋላ ወደ ራሱ ቺፕ ዞሯል። ሌት ተቀን ለፍተህ ብታስነሳው እንኳ ግራፊክሱ ስለማይሠራ ኤክስኮድን ከፍተህ ታዝናለህ።

ጓደኛህ ጋ 8ኛ ትውልድ ካለ፣ ለምሳሌ ዩኤችዲ 620 ያለው ኤሊትቡክ 840 ጂ5፣ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያም ቢሆን ያ መስመር ላይ መቆም ማለት ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ገና ሥራ ሊጀምር ሲል ተሰናከለ ማለት ነው፣ ጥፋቱ ያለው በኦፕንኮር የቡተር ቅንብርና በባዮስ ዙሪያ ነው። ባዮስ ውስጥ ሴኪዩር ቡት ይጥፋ፣ ቪቲዲ ይጥፋ፣ ዲስኩ ሬይድ ላይ ከሆነ ወደ ኤኤችሲአይ ይቀየር። ያንን አልፎ «ሩት ዲቫይስ እየጠበቅሁ ነው» የሚል ነገር ከደጋገመ ፍላሹን አጥቶታል፣ ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ሞክር። ዲስኩ ሳምሰንግ ፒኤም 981 ከሆነ ደግሞ መጀመሪያውኑ ቀይረው፣ ከማክኦኤስ ጋር ባለመስማማት የታወቀ ነው፣ ከርነል ፓኒክ ያመጣል፣ ሲስተሙ በድንገት ይወድቃል።

የሰው ኢኤፍአይ ፎልደርን በተመለከተ፦ የሌላ ሰው ጫማ ነው። ልክህ ቢሆን እንኳ ውስጡ የባለቤቱ ሲሪያል ቁጥር አለበት፣ በዚያ ቁጥር አይክላውድ ውስጥ ስትገባ ጣጣው ለሁለታችሁም ነው። ከዶርታኒያ የሃኪንቶሽ መመሪያ ተነስተህ የራስህን ሥራ፣ አሰልቺ ነው ግን የት እንደተሳሳትክ ታውቃለህ። የአፕል ፈቃድ ማክኦኤስን በአፕል ኮምፒውተር ላይ ብቻ እንደሚፈቅድም እወቅ።

ለአንተ ግን ከዚህ ሁሉ ሌላ መንገድ ይሻላል። አፕ ስቶር በኤፕሪል 2025 ከኤክስኮድ 16 በታች የተሠራ አፕ መቀበል አቁሟል፣ ኤክስኮድ 16 ደግሞ ቢያንስ ሶኖማ 14.5 ይፈልጋል። ኮድህን እዚያው ኤችፒህ ላይ በፍላተር (ለአንድሮይድም ለአይፎንም አፕ በሚሠራው) ጻፍ፣ ለአይፎን የሚሆነውን ግንባታ ጊትሃብ አክሽንስ በኢንተርኔት የሚያቀርባቸው ማኮች ይሥሩልህ። ለመመረቂያ ፕሮጀክት ይበቃል።

ጥያቄ፦ ማክቡክ ፕሮ 2015 አለኝ። ወንድሜ በፓቸር ሶኖማ ጭኖልኝ ለወራት ያለ ችግር ተጠቀምኩ። ባለፈው አፕዴት አድርጊ ሲለኝ እሺ አልኩ፣ ከዚያ ዋይፋይ የሚባል ጠፋ፣ ስክሪኑም ይጎተታል። ወንድሜ አገር ቤት ነው ያለው፣ ምን ላድርግ? ከዱባይ

መልስ፦ እህቴ፣ አፕዴቱ የወንድምሽን ሥራ ጠርጎታል፣ ሌላ ምንም አልሆነም። ሩት ፓች የሚጫነው ሲስተሙ ውስጥ ነው፣ አፕዴት ሲመጣ አፕል ሲስተሙን በራሱ ይተካዋል። ሶኖማ የአንቺን ዓይነት የብሮድኮም ዋይፋይ ስለማይደግፍ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። አፕሊኬሽንስ ውስጥ ኦፕንኮር ሌጋሲ ፓቸርን ክፈቺ፣ «ፖስት ኢንስቶል ሩት ፓች» የሚለውን ተጫኚ፣ የይለፍ ቃልሽን ስጪው፣ ሪስታርት። ኢንተርኔት ከሌለ መጀመሪያ የዋይፋዩን ብቻ ሊጭንልሽ ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ማሽኑ ሲነሳ ዋይፋዩ ይመጣል፣ ከዚያ ድገሚውና ቀሪውን ይጨርሳል። አይፎን ካለሽ በገመድ አገናኝተሽ ሆትስፖት ክፈቺ፣ ይቀበላል። አንድሮይድ በገመድ ግን ማክ ላይ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ብዙ ጊዜ አይሠራም፣ በእሱ አትድከሚ።

አውቶማቲክ አፕዴትን አጥፊው። ማድረግ ስትፈልጊ መጀመሪያ ፓቸሩን ራሱን አድሺ፣ ቀጥሎ ሲስተሙን፣ ከዚያ ወዲያው ሩት ፓች። ደግሞም ፓች የተደረገ ሲስተም ማኅተሙ የተሰበረ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ አፕዴት የሚባል የለውም፣ ሁልጊዜ ሙሉውን ከ10 ጊጋ በላይ ያወርዳል። አንቺ ዱባይ ስለሆንሽ ላይሰማሽ ይችላል፤ አገር ቤት በሞባይል ጥቅል የምታወርዱ ግን ልብ በሉ፣ መብራት ባለበት ሰዓትም ይሁን።

ጥያቄ፦ በአጭሩ፦ 2017 ማክቡክ ኤር ላይ ታሆ (የ2025ቱ ማክኦኤስ) ይገባል? ከደሴ

መልስ፦ በአጭሩ፦ አትሞክረው። ታሆን አፕል ከኢንቴል ማኮች ለአራት ሞዴሎች ብቻ ነው የሰጠው፣ ለኢንቴል የመጨረሻው መሆኑንም በጁን 2025 ተናግሯል። ኤር 2017 በሕጋዊ መንገድ ሞንቴሬይ ላይ ያበቃል፣ በፓቸር ሶኖማ በደንብ ይሸከማል፣ በተለይ ራሙ 8 ከሆነ። ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ በኋላ አይጨመርም። ገና ልትገዛው ከሆነ ደግሞ ገንዘብህን ያዝና የ2020ውን ኤም 1 ኤር ዋጋ ጠይቅ፣ ታሆን ያለ ምንም ፓቸር ይቀበላል።