ሶፍትዌሩ 60 ከመቶ ሲል ሰዎቹ ለምን ያመሻሉ?

ጠያቂያችን ያነሡት ጉዳይ እኔም ለዓመታት የደከምሁበት ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ብመልስ ይሻላል ብያለሁ። ጥያቄዎን እንደተረዳሁት፣ 18 ባለሙያዎች ባሉት የሕንፃ ዲዛይንና ቁጥጥር አማካሪ ድርጅት ውስጥ የፕላኒንግ ኃላፊ ነዎት፤ ከኤክሴል ወጥታችሁ ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት የተባለውን የመርሐ ግብር ሶፍትዌር መጠቀም ከጀመራችሁ ስድስት ወር ሆኗል፤ ሪፖርቱ አብዛኛው ባለሙያ ከአቅሙ 60 ከመቶ ገደማ ብቻ ሥራ እንደያዘ ያሳያል፤ ሰዎቹ ግን በየቀኑ ያመሻሉ፣ ዲዛይኖቹም ይዘገያሉ። ሥራ አስኪያጅዎም ሌላ ሶፍትዌር ይገዛ ወይስ ሠራተኛው እውነቱን እየነገረን አይደለም ብለው ጠይቀዋል።

በእንዲህ ዓይነት ድርጅቶች በፕላኒንግ ሥራ 11 ዓመት ቆይቻለሁ። ከዚያ ልምድ ተነሥቼ በሙሉ ልብ የምነግርዎት፣ ሠራተኞችዎን ከመጠርጠርዎ በፊት 60 የሚለው ቁጥር የተሠራበትን ሒሳብ እንዲመረምሩ ነው። ይህ የአጠቃቀም ምጣኔ ይባላል፤ ይኸውም ለሰውየው የተመደበለት የፕሮጀክት ሰዓት ሊሠራበት ለሚችለው ሰዓት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። አብዛኞቻችን ላዕሉን፣ ማለትም የተመደበውን ሰዓት፣ ለማስተካከል ወራት እንደክማለን፤ ታህቱን፣ ማለትም ሊሠራበት የሚችለውን ሰዓት፣ ግን ሶፍትዌሩ ሲጫን ይዞት እንደመጣ እንተወዋለን። እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ ስሕተቶች የተደበቁት እዚያ ታች ነው።

በሳምንት 44 ሰዓት የሚሠራ ድርጅት እንውሰድ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን 8 ሰዓት፣ ቅዳሜ 4 ሰዓት። በዓመት 52 ሳምንት ሲባዛ 2,288 ሰዓት ይሆናል። ከዚህ ላይ በሥራ ቀን የሚውሉ 12 ያህል የሕዝብ በዓላት ሲነሡ 96 ሰዓት ይቀነሳል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያው ዓመት የዕረፍት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ስለሆነ ሌላ 128 ሰዓት ይወጣል፤ ነባር ሠራተኛ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ስለሚጨመርለት ከዚህ የበለጠ ይወስዳል። ለሕመም፣ ለሐዘንና ለቤተሰብ ጉዳይ አምስት ቀን ብንይዝ 40 ሰዓት ነው። የሚቀረው 2,024 ሰዓት ይሆናል። ከዚያ ውስጥ ስብሰባ፣ የጨረታ ሰነድ ዝግጅት፣ ጀማሪ ባለሙያን ማሠልጠንና የባልደረባን ሥራ ማየት በእኛ ዘንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይወስድ ነበር፤ ስለዚህ ለፕሮጀክት የሚተርፈው 1,620 ሰዓት ገደማ ነው። እንግዲህ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳያባክን የሠራ ሰው በ2,288 ሲካፈል የሚያሳየው 71 ከመቶ ብቻ ነው። የእናንተም ሶፍትዌር ቅዳሜ ተሞልቶለት በዓሉና ፈቃዱ ሳይቀነስ በዚሁ መንገድ የሚያሰላ ከሆነ፣ 60 ከመቶ የተባለው ሰው በእውነተኛ አቅሙ ሲለካ 85 ከመቶ ገደማ ሥራ ይዟል ማለት ነው። አንድ አምስተኛ ያልሁት የእኛን ቤት ስለሆነ የእናንተን ለማወቅ ሁለት ወር ብቻ መዝግቡ፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ስለ ካላንደሩም ልናገር። ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ሲጫን የሚያውቀው ከሰኞ እስከ ዓርብ 8 ሰዓት የሚሠራ፣ አንድም በዓል የሌለበት ሳምንት ነው። ቅዳሜ ግማሽ ቀን እንደምንሠራም፣ ጥምቀት እንደሚከበርም እኛ ካልነገርነው አያውቅም። በዓላቱን አንድ ጊዜ አስገብቶ በየዓመቱ ይደጋገሙ ብሎ ማዘዝም ያሳስታል፤ መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ቢውልም ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግሥት ግን ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፣ ጥምቀትም በዚያው ዓመት በአንድ ቀን ይገፋል። ስቅለት፣ ኢድ አል ፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ደግሞ በየዓመቱ ቦታቸውን ስለሚለዋውጡ በየነሐሴው ቁጭ ብሎ የመጪውን ዓመት ካላንደር በእጅ መሙላት ግድ ነው። የሥራ መግቢያ ሰዓትም ሲሞላ ይጠንቀቁ፤ አንድ ባልደረባችን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ለማለት 2:00 ብሎ ሞልቶ ሶፍትዌሩ ሥራውን ሁሉ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሲያስጀምር ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጅቶብናል።

ታህቱ ከተስተካከለ በኋላ ላዕሉ ውስጥ ያልገባውን ሥራ መፈለግ ይቀራል። ይህን ያስተማረችኝ አንዲት ስትራክቸራል መሐንዲስ ናት። በሪፖርቴ ላይ ከሁሉም ያነሰ ሥራ ያላት እርስዋ ስለነበረች ሌላ ፕሮጀክት ልጨምርላት አስቤ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወደ ጠረጴዛዋ ሄድሁ። ከኮምፒውተሯ አጠገብ አንድ ደብተር ተከፍቶ ተቀምጧል፤ በገጹ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ከሳይት የተደወለላትን ሁሉ በሰዓት በሰዓቱ ጽፋዋለች። ባለ 16 ፌሮ ገበያ ላይ ስለጠፋ በባለ 14 ይተካ ወይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ቢሙ ላይ ለሳኒታሪ ቧንቧ ይበሳ ወይ፣ የመሠረቱ ቁፋሮ ላይ ውኃ ወጣ ምን እናድርግ፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ 11 ጥሪ ነበር። የፌሮው ጥያቄ ብቻ የኮለኑን ሒሳብ እንደገና ስላሠራት ሁለት ሰዓት ሙሉ ወስዷል። አብዛኞቹ ሕንፃዎች ዲዛይናቸው ካለቀ ዓመት ያለፋቸው ስለነበሩ በእኔ መርሐ ግብር ውስጥ "ተጠናቅቋል" ተብለው ተዘግተዋል። "ወንድሜ፣ እኔ ይኼን የት ልጻፈው?" አለችኝ። የምሰጣት መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ፕሮጀክት ዲዛይኑ ስላለቀ ብቻ አልዘጋም። ሕንፃው እስኪረከብ ድረስ "የሳይት ድጋፍ" የሚል አንድ መስመር ይቆያል፤ ለባለሙያው በሳምንት ሁለትም ይሁን አራት ሰዓት ይያዝለታል፣ በየሦስት ወሩም ከእውነታው ጋር ይነጻጸራል። እናንተ ዲዛይንና ቁጥጥር አንድ ላይ ስለምትሠሩ ከጠፋባችሁ ሰዓት ብዙው በዚህ በኩል የሄደ ይመስለኛል።

ሌላው የሚያሳስበኝ የፋይሎቹ መለያየት ነው። ፕሮጀክቶቻችሁ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ፋይል ተቀምጠው ሰዎቹም በየፋይሉ ለየብቻ ተመዝግበው ከሆነ፣ አንዱ ፋይል ሌላው ውስጥ ያለውን ምደባ አያይም። ሰውየው በሦስት ፋይል 60፣ 60 ከመቶ ተይዞ ድምሩ 180 ቢሆንም ሦስቱም ፋይሎች ምንም ችግር አያሳዩም። መፍትሔው የሠራተኞቹን ዝርዝር በአንድ ፋይል አስቀምጦ ሁሉም ፕሮጀክቶች ከእርሱ እንዲጋሩ ማድረግ ነው። እዚህ ላይ የስም አጻጻፍ ብዙ ጥፋት ያደርሳል። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ ብለን ብንጽፍ ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት ሰው ነው፣ እያንዳንዱም የራሱ 100 ከመቶ አቅም ይሰጠዋል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል። ሰዎችን በሠራተኛ መለያ ቁጥራቸው መዝግቡ፣ ስሙን ከጎኑ ጻፉት።

ሶፍትዌሩ አንድን ሰው ከአቅሙ በላይ ተይዟል ብሎ በቀይ ሲያሳይ ወዲያው መደናገጥም አያስፈልግም። ሁለት የሁለት ሰዓት ሥራዎች በአንድ ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት እንዲጀምሩ ከተደረጉ፣ የቀኑ ድምር አራት ሰዓት ብቻ ሆኖ ሳለ በዚያች ሰዓት ስለተደራረቡ የሰውየው ስም በቀይ ይታያል። ስለዚህ ቀዩን ስም አይቶ ከመፍረድ በፊት የሳምንቱን ድምር መመልከት ይገባል። አውቶማቲክ ሌቨሊንግ የሚባለውን ትእዛዝ ደግሞ ቅጂ ሳትይዙ እንዳትነኩት አደራ እላለሁ። ሥራዎችን ገፍቶ መደራረቡን ያስወግዳል፤ ለእያንዳንዱ ሥራ ከ0 እስከ 1000 የሚሰጠውን ቅድሚያ ካልሞላችሁለት ግን ሁሉንም 500 አድርጎ ስለሚይዝ የትኛው ርክክብ ውል ያለበት፣ የትኛው ሊቆይ የሚችል እንደሆነ ለይቶ አያውቅም።

አሁን ሥራ አስኪያጅዎ ሳይጠይቁዎት ወደማይቀረው ነገር ልምጣ። አቅሙ በትክክል ከታወቀ በኋላ "እንግዲያው ሁሉንም 100 ከመቶ እንሙላ" መባሉ አይቀርም። ይህን በሙሉ ኃይልዎ ይቃወሙ። ሥራ ሳይታሰብ በሚመጣበትና የሚወስደው ጊዜም በሚለያይበት ቦታ የወረፋ ሒሳብ የታወቀ ነው፤ ጥናቱን የጀመረው ኤርላንግ የተባለ የዴንማርክ መሐንዲስ ሲሆን በ1909 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለ ቴሌፎን ጥሪዎች ባሳተመው ጽሑፍ ነው። በቀላሉ ቀመር መሠረት አንድ ባለሙያ 80 ከመቶ ሲያዝ አዲስ የመጣ ሥራ ከመነካቱ በፊት በአማካይ የአራት ሥራ ያህል ጊዜ ይጠብቃል፤ 90 ከመቶ ሲያዝ የዘጠኝ፣ 95 ከመቶ ሲያዝ የ19 ሥራ ጊዜ ይጠብቃል። ይህ በእኛ ቤት ጎልቶ የሚታየው የሌላውን ሒሳብ አይቶ በሚፈርመው ዋና መሐንዲስ ላይ ነው። እርሱ ጥግ ድረስ ሲሞላ ስድስት ሰው ያዘጋጀው ዲዛይን ጠረጴዛው ላይ ተከምሮ ይውላል፣ ስድስቱም በሪፖርት ላይ ሥራ የበዛባቸው ይመስላሉ። እኔ ፈራሚዎችን ከ70 ከመቶ በላይ አልይዝም፤ ሌሎቹን እስከ 85 እወስዳለሁ።

የጊዜ መዝገቡን በሚመለከት አንድ የደረሰብኝን ልንገርዎት። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ድርጅት አስተዳደሩ ከ80 ከመቶ በታች ያስመዘገበ ማብራሪያ ይጽፋል የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። በሚቀጥለው ሳምንት የሁሉም ሰው ታይም ሺት ከ82 እስከ 88 ባለው መካከል ሆኖ መጣ። ከዚያ በኋላ ያ መዝገብ ስለማንም ምንም የሚነግረን ነገር አልነበረም፣ አመኔታውን ለመመለስም ከአንድ ዓመት በላይ ወስዶብናል። ሠራተኛው መዝገቡ ከጫና እንደሚያድነው በዓይኑ ካየ እውነቱን ይጽፋል። ስለዚህ መዝገቡ ከደመወዝና ከቅጣት ይለይ፣ የሥራ ዓይነቶቹ ከ10 አይብለጡ፣ የሚሞላውም በግማሽ ቀን ልክ ይሁን። በአዋጁ የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ እንደሌለበት ለአስተዳደሩ ማስታወስም የእርስዎ ድርሻ ነው፤ የሚያመሹት ሰዎች ሰዓት በግልጽ ካልተጻፈ ይህን ወሰን ማለፋችሁን እንኳ አታውቁም።

ሥራው የት እንደደረሰ ሲጠይቁም በመቶኛ አይጠይቁ። 90 ከመቶ የተባለ ዲዛይን ለአምስት ሳምንት 90 ከመቶ ሆኖ ሲቆይ አይቻለሁ። "ለመጨረስ ስንት ቀን ቀረህ?" ሲባል ግን ሰው ሥራውን በሐሳቡ እየዘረዘረ ይመልሳል፤ ያንን ቁጥር ቀሪ ሥራ በሚለው ዓምድ ሲሞሉት ሶፍትዌሩ የቀረውን ጫና ራሱ ያሰላዋል።

ሌላ ሶፍትዌር ስለመግዛቱ ባጭሩ፤ ለ18 ሰው የያዛችሁት ይበቃል። ፕሪማቬራ የተባለው ሌላው የመርሐ ግብር ሶፍትዌር ሁሉንም ፕሮጀክት በአንድ የመረጃ ቋት ስለሚይዝ የሰው ድምር ያለ ድካም ይገኛል፣ ነገር ግን ለትልልቅ የሥራ ተቋራጮች የተመቸና ራሱን የቻለ ባለሙያ የሚፈልግ ነው። በኢንተርኔት የሚሠሩት ደግሞ ለመጠቀም ይቀላሉ፤ ክፍያቸው በየወሩ በውጭ ምንዛሪ መሆኑን አስቀድማችሁ አስቡበት።

ለሥራ አስኪያጅዎ በየሰኞው የሚቀርበው ሪፖርት የሚቀጥሉትን ስድስት ሳምንታት ብቻ የሚያሳይ አንድ ገጽ ቢሆን ይበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን በሰው ስም ከመያዝ ይልቅ በሙያ ብቻ፣ ይህን ያህል አርክቴክት፣ ይህን ያህል ኳንቲቲ ሰርቬየር እያሉ ይያዙት። የእኛን መሐንዲስ ጉዳይ የፈታውም እንዲህ ያለ አንድ ገጽ ነው። የሳይት ድጋፏ በሳምንት 14 ሰዓት ሆኖ ሲጻፍ ሥራ አስኪያጁ ገጹን ጥቂት ተመልክተው ሁለቱን አሮጌ ሕንፃዎች ለሌላ መሐንዲስ አስተላለፉ፣ ልጨምርላት ያሰብሁት ፕሮጀክትም ቀረ። የመንግሥት አሠሪዎች ካሏችሁ ይህን ሁሉ ከሚያዝያ በፊት ብትጀምሩ መልካም ነው፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ በግንቦትና በሰኔ ሁሉም ሰነዱን በአንድ ጊዜ ይጠይቃል፣ ያን ጊዜ ካላንደር ለማስተካከል የሚተርፍ ሰው አይኖራችሁም። ካላንደሩን ሞልታችሁ ስትጨርሱ አዲሱን ቁጥር እዚህ ብትጽፉልን እኔም ከእናንተ ጋር አየዋለሁ።