የመርሳት በሽታ ያለባቸው አዛውንት መኪና ይንዱ? ለወጣት ሐኪሞችና ነርሶች

ሐዋሳ ላይ ሥራ የጀመራችሁ ልጆች፤ ቤተሰብ አባቱን ይዞ መጥቶ «ይንዱ ወይስ ቁልፉን እንቀበላቸው?» ሲላችሁ ማስታወስና ማሰብን ወደሚለካው የወረቀት ፈተና (MMSE) አትቸኩሉ። ከ30 ነጥብ 24 ወይም ከዚያ በታች ማምጣታቸው ያሳስባል፤ ብቻውን ግን አይፈርድም። ፊደል ያልቆጠረ ጤነኛ ሰው ዝቅ ሊል፣ መምህር የነበረ ሰው ታሞም 27 ሊያመጣ ይችላል። «እኔ በደንብ ነው የምነዳው» ማለታቸውን በማስረጃነት አትያዙት፤ በሽታው የራስን ጉድለት ማስተዋልንም ይነካል።

መጀመሪያ ሊታከም የሚችለውን አጣሩ፦ የዓይን ሞራ፣ የቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ ችግር፣ ድብርት፣ እንደ ዳያዜፓም ወይም አሚትሪፕቲሊን ያለ የሚውጡት የሚያፈዝዝ መድኃኒት።

ከዚያ አብሯቸው የሚሳፈረውን ሰው እሳቸው በሌሉበት ጠይቁት። በመኪናው ላይ አዲስ ጭረት አለ? በሚያውቁት መንገድ ጠፍተው ያውቃሉ? ፍሬንና ነዳጅ ተምታቶባቸዋል? የልጅ ልጃቸውን ትምህርት ቤት እንዲያደርሱ ትፈቅዳላችሁ? ለመጨረሻው ጥያቄ የሚሰጠው ዝምታ ከብዙ ምርመራ ይበልጣል።

ሰዓት ስታስሏቸው ተጠንቀቁ። «11 ሰዓት ከ10» ብትሏቸው አጭሩን ዘንግ 5 ላይ የሚያደርጉም 11 ላይ የሚያደርጉም በእኛ አገር ልማድ ልክ ናቸው። የትኛውን አቆጣጠር እንደምትፈልጉ ቀድማችሁ ተናገሩ። ቁጥርና ፊደል እያፈራረቁ የሚያገናኙበት ፈተና ከ3 ደቂቃ በላይ ከፈጀባቸው ወይም 3 ጊዜ ከተሳሳቱ መንገድ ላይ መታየት አለባቸው። የላቲኑን ፊደል በሀ፣ ለ፣ ሐ ከተካችሁት ግን ይህን ልኬት እንደ ፍንጭ ብቻ ያዙት።

ዋናው መመዘኛ የመንገዱ ፈተና ነው። በአሰልጣኙ በኩልም ፍሬን ያለው የማሰልጠኛ መኪና ፈልጉ፤ ማርሹ ከለመዱት ዓይነት ይሁን፣ አለዚያ የምትፈትኑት የመኪናውን እንግድነት ነው። ጸጥ ካለ ሰፈር ጀምረው ባጃጅና ብስክሌት ወደሚበዛበት አደባባይ፣ ቀጥሎም ከፊት የሚመጣውን መኪና አሳልፈው ወደ ግራ ወደሚታጠፉበት ቦታ ይሂዱ። «ሁለተኛው መንገድ ላይ ታጥፈው ከፋርማሲው በፊት ይቁሙ» ዓይነት ድርብ ትእዛዝ ስጧቸው። አሰልጣኙ ስንት ጊዜ ፍሬን እንደያዘላቸው መዝግቡ። ፍሬቻ አለማሳየት ለብቻው በሽታ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ከተማ ታማሚ ነበር፤ የዕድሜ ልክ ልማዱን ተዉትና አዲስ የመጣውን ፈልጉ።

በሽታው መካከለኛ ደረጃ ከደረሰ ፈተናም አያስፈልግም፣ ያቁሙ። ገና ጀማሪ ሆኖ ፈተናውን ካለፉ በየ6 ወሩ ይታዩ። ሲያቆሙ ውሳኔውን ራሳችሁ ንገሯቸው፣ ልጆቹ ላይ አትጣሉት። ቁልፍ ብቻ ቢደበቅ «ተሰረቅሁ» ብለው ሠራተኛዋን ሊወነጅሉ ይችላሉ፤ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለገበያና ለለቅሶ የሚመላለስ ደንበኛ ባጃጅ ግን መኪናው ከመቆሙ በፊት ይያዝላቸው።