ጥርስ ማንጫ ከተጠቀሙ በኋላ ጥርስ ሲነዝር

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የ27 ዓመት ሴት ነኝ። ያደግሁት ወንጂ ሲሆን አሁን የምኖረው አዳማ ነው። ጥርሴ ከልጅነቴ ጀምሮ የበለዘ ስለሆነ፣ ከሁለት ወር በኋላ ለሚደረገው ሠርጌ እንዲነጣልኝ ብዬ ከመዋቢያ ሱቅ የገዛሁትን የጥርስ ማንጫ ጄል ለዘጠኝ ቀናት ማታ ማታ ተጠቀምሁ። አሁን ቀዝቃዛ ውሃ መጠጣት ቀርቶ በአፌ አየር ስስብ እንኳ ይነዝረኛል፤ ቡናማው ቀለም ግን አልለቀቀም። የጥርስ ሳሙናዬም ፍሎራይድ ስላለበት ፈርቼ ትቼዋለሁ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ጄሉን ከዛሬ ማታ ጀምሮ ያቁሙ። ማንጫ የሚያመጣው መነዘር አብዛኛውን ጊዜ ጄሉ በተቋረጠ በጥቂት ቀናት፣ ቢዘገይ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚለቅ ነውና ጥርሴ ተበላሸ ብለው አይደንግጡ።

በማንጫው ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ወይም አፍ ውስጥ ወደ እሱ የሚለወጠው ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ፣ ቀለሙን ከላይ የሚፍቅ ሳይሆን ኢናሜል የሚባለውን ጠንካራ ውጫዊ ሽፋን አልፎ ከሥሩ ወዳለው ዴንቲን የሚዘልቅ፣ በደቂቃዎች ውስጥም እስከ ነርቩ የሚደርስ ነገር ነው። ዴንቲን በዓይን የማይታዩና ፈሳሽ የያዙ እጅግ ብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች ስላሉት፣ ነርቩ በተቆጣበት በዚህ ሰዓት ቅዝቃዜ ወይም አየር ያንን ፈሳሽ ባንቀሳቀሰው ቁጥር መነዘሩ ይሰማዎታል።

ለማስታገስ ፖታሲየም ናይትሬት ያለበትን፣ «ለሚነዝር ጥርስ» ተብሎ የሚሸጠውን የጥርስ ሳሙና ከፋርማሲ ይግዙ። ጠዋትና ማታ በለስላሳ ብሩሽ ሳይጫኑ ይቦርሹ፤ ከቦረሹ በኋላ አረፋውን ይትፉ እንጂ በውሃ አይጉመጥመጡ። ከመተኛትዎ በፊት ደግሞ ጥቂቱን በጣትዎ በሚነዝሩት ጥርሶች ላይ ቀብተው ይተዉት። ፖታሲየም ነርቩን የሚያረጋጋው ቀስ በቀስ ስለሆነ በሁለተኛው ቀን ለውጥ አላየሁም ብለው አያቋርጡት። እስኪሻልዎ ድረስ ለስላሳ መጠጥና ሎሚ ይተዉ፤ ቡናውም በረድ ሲል ይጠጡ። ሎሚ ከቤኪንግ ሶዳ ጋር ወይም የከሰል ዱቄት መቀባት ሽፋኑን የሚጎዳ ሲሆን፣ የቅርንፉድ ዘይትም ሳይቀጠን ሲቀባ ድድ ያቃጥላል።

አሁን ወደ ፍሎራይዱ ልምጣ፤ ይህን ስጋት ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ ከሚመጡ ታካሚዎች ደጋግሜ ስለምሰማው ሰፋ አድርጌ መመለስ እፈልጋለሁ። የጥርስዎ መበለዝ የቆሻሻ ወይም የንጽሕና ጉድለት ምልክት አይደለም። በወንጂና በሌሎች የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ወሰን በብዙ የሚበልጥበት ቦታ አለ። አንድ ልጅ ጥርሱ በመንጋጋው ውስጥ በሚሠራበት ዕድሜ፣ ይኸውም እስከ ስምንት ዓመት ገደማ፣ ይህን ውሃ ከጠጣ ኢናሜሉ ቀዳዳ የበዛበት ሆኖ ይበቅልና ጥርሱ ከወጣ በኋላ ቡናማ ቀለም ይይዛል። የእርስዎ ጥርስ ተሠርቶ ያለቀ ስለሆነ ዛሬ የሚቦርሹበት ሳሙና ሊያበልዘው አይችልም፤ እንዲያውም ሽፋኑን ስለሚያጠነክርና መነዘሩን ስለሚቀንስ ፍሎራይድ ባለበት ሳሙና መቦረሽዎን እንደገና ይጀምሩ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለትንንሽ ልጆች ነው፤ ለእነርሱ ሳሙናው በጣም ጥቂት መሆንና አለመዋጡም መታየት አለበት።

ቀለሙ ያልለቀቀዎትም በዚሁ ምክንያት ነው። ከሽፋኑ ጋር አብሮ የበቀለ ብልዝ በማንጫ ብቻ እምብዛም አይጠፋም፤ አንዳንዴም ነጫጭ ነጠብጣቦቹ ይበልጥ ጎልተው ይወጣሉ። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥርስ ከሱቅ የሚገዛ ጄል መደጋገምን አልደግፍም። በጥርስ ሐኪም እጅ የላይኛውን ስስ ሽፋን በጥንቃቄ መፋቅ ወይም ጥርሱን በጥርስ ቀለም ሙሌት መሸፈን የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

ሕመሙ አንድ ጥርስ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ቀዝቃዛው ከሄደ በኋላም እየጠዘጠዘ ከቆየ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ወይም ድድዎ ካበጠ ሳይዘገዩ ይታዩ፤ የተቦረቦረ ወይም የተሰነጠቀ ጥርስ ሊኖር ይችላልና። ያለዚያ ግን ጄሉን ካቆሙ ሁለት ሳምንት ሲሞላ የማንጫውን ሳጥን ይዘው ወደ ጥርስ ሐኪም ይሂዱ። ማንጫው በጥርሱ ውስጥ የሚተወው ኦክስጅን ሙሌቱ በደንብ እንዳይጣበቅ ስለሚያደርግ ከዚያ በፊት መሥራት አይመከርም፤ ከዚያ በኋላም ለሠርግዎ በቂ ጊዜ ይተርፍዎታል።