የመናገሩን ክፍል አትዝለሉት

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት መምህርት እቤት ድረስ መጥታ ነበር። ማራኪ በኩል ለሕፃናት የእንግሊዝኛ ክፍል ከፍታለች፤ 6 ያገለገሉ ኮምፒውተሮች አሏት። «ጋሼ፣ የማይክራፎኑ ነገር አስቸገረን» አለችኝ። «ልጆቹ ደህና አድርገው እያሉት ማስተማሪያው ፕሮግራም ተሳስታችኋል ብሎ ቀይ ያበራባቸዋል። የመናገሩን ክፍል ዘለን በማዳመጡና በሥዕሉ ብቻ ብንቀጥል ምን ይላሉ?»

ጀበናው ከእሳት እስኪወርድ ድረስ አልመለስኩላትም። የዛሬ 20 ዓመት ገደማ፣ እዚሁ ጎንደር፣ በአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ይኸው ጥያቄ ቀርቦልኝ «ዝለሉት» ብያለሁ። ስለ ራሴ ማውራት አልወድም፤ ስለዚያ ክፍል ግን በዝርዝር ልንገራችሁ። ጥፋቱ ያለው ዝርዝሩ ውስጥ ነውና።

ክፍሉ 12 ኮምፒውተር ነበረው፤ ልጆቹ 38፣ የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል። በአንድ ስክሪን ፊት ሦስት ልጅ፣ አንዳንዴም አራት ይቀመጣል። ፕሮግራሙ በሲዲ የሚመጣ ዓይነት ነው፦ ስክሪኑ ላይ አራት ሥዕሎች ይወጣሉ፣ ድምፅ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፣ ልጁ የሚስማማውን ሥዕል በማውስ ይነካል። በየምዕራፉ መጨረሻ የመናገሪያ ልምምድ አለ። ሰምቶ ይደግማል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው የመለኪያ መርፌ ከቀይ ወደ አረንጓዴ ከዞረ ያልፋል።

መርፌው አልዞር አለ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከመስኮቱ ሥር ጄነሬተር፣ ክፍሉ ውስጥ 38 ልጅ በአንድ ጊዜ ይጮኻል። ጎበዙ ልጅ ስምንት ጊዜ ሞክሮ ስምንቴም ቀይ ሲበራበት ሄድፎኑን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ፕሮግራሙ ሴቲንጉ ውስጥ የንግግሩን ልምምድ ማጥፊያ ነበረው። በ12ቱም ላይ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ውጤቱ ሽቅብ ወጣ። ከመቶ 60 ያገኝ የነበረው 90 ማግኘት ጀመረ። ወላጅ ደስ አለው፣ ውጤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። አራት ወር እንዲህ ሄደ። በጥምቀት ሰሞን፣ ከተማው በእንግዳ በሚሞላበት ጊዜ፣ አንድ የውጭ አገር መምህር ክፍሉን ሊያይ መጣ። ከግድግዳው ላይ ከአንደኞቹ አንዷን መርጦ ጎንበስ አለና ከፕሮግራሙ ውስጥ 50 ጊዜ የሰማችውን ጥያቄ ጠየቃት፤ ልጁ የት ነው ያለው? ጠረጴዛ ሥር። ይኸው ነው መልሱ። ልጅቷ ጥያቄው ገብቷታል፣ ከፊቷ ያስታውቃል። ቀኝ እጇ ግን ማውስ ፍለጋ ጠረጴዛው ላይ ተንቀሳቀሰ። ከአፏ አንድ ቃል አልወጣም። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ልጅ እንደዚያው።

ያቺ እጅ እስከ ዛሬ ትታየኛለች።

በኋላ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ስንፈትሽ የተገኘው ይህ ነው። የዚያን ዘመን ሄድፎን ሁለት መሰኪያ አለው፤ አረንጓዴው ለማዳመጫ፣ ሮዙ ለማይክራፎን። በሦስቱ ላይ ሮዙ መሰኪያ የራሱ ባልሆነ ቀዳዳ ተሰክቷል። በሌሎቹ ላይ የማይክራፎን ማጉያው እስከ መጨረሻው ተከፍቷል፤ የጄነሬተሩም የጎረቤቱም ድምፅ አብሮ ሲገባ የልጁ ድምፅ አናቱ ይቆረጣል፣ ለፕሮግራሙም ድምፅ መሆኑ ይቀርና ጩኸት ይሆንበታል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ፕሮግራሙ ራሱ ነበር። ንግግር የሚያውቁ ፕሮግራሞች በአብዛኛው የሚሠለጥኑት በአዋቂ ድምፅ፣ ያውም በቋንቋው ባለቤቶች ድምፅ ነው። የሕፃን ድምፅ ቀጭን ነው፣ ፍጥነቱም አይረጋም፤ ስለዚህ ትክክለኛውን እንኳ ስህተት ይሉታል። የዛሬዎቹ ተሻሽለዋል፤ ችግሩ ግን አልጠፋም።

ውጤቱ ለምን ከፍ አለ? ከአራት ሥዕል አንዱን በጭፍን መንካት ከመቶ 25 ያስገኛል። ከዓረፍተ ነገሩ አንዷን ቃል ብቻ የያዘ ልጅ ሁለቱን ሥዕል ይጥላል፤ ግማሽ በግማሽ ደረሰ። ሥዕሎቹ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ሲመላለሱ ደግሞ ቃሉን ሳይሆን ቦታውን ያጠናል። የሰሙትን መለየት አንድ ችሎታ ነው፤ ከባዶ ፈልጎ ማውጣት ሌላ። የመጀመሪያው ሁለተኛውን አያመጣም።

እንግዲህ ለመምህርቷም ለእናንተም የምለው፣ ማይክራፎኑን አስተካክሉ እንጂ ልምምዱን አትጣሉ ነው። አሁን ገበያ ላይ ያለው ሄድፎን በአብዛኛው አንድ መሰኪያ ብቻ ነው ያለው፤ ጫፉ ላይ ሦስት ጥቁር ቀለበት ካያችሁ ማዳመጫውም ማይክራፎኑም እዚያው ላይ ነው። እሱን ሁለት ቀዳዳ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ብትሰኩት ይሰማል፣ አይቀዳም። ከአንድ ወደ ሁለት የሚከፍል ትንሽ ገመድ ያስፈልጋል። ማይክራፎኑ ከከንፈር ጥግ ሁለት ጣት ያህል ይራቅ፤ አፍ ፊት ለፊት ከሆነ ትንፋሹ ይመታዋል። በዊንዶውስ የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ «ሪኮርዲንግ»፣ ከዚያ ማይክራፎኑን፣ ከዚያ «ሌቭልስ» ክፈቱ። ማጉያውን ከዜሮ ጀምራችሁ አንድ እርከን ብቻ፣ ማለትም 10 ዴሲቤል ጨምሩ። አምስት ሰከንድ ቅዱና ስሙት። ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ብትቀዱ ማዕበሉ በዓይን ይታያችኋል፤ ከላይና ከታች ጠርዙን ከነካ በዝቷል፣ ቀጥ ያለ ክር ከመሰለ አንሷል።

ይህም ሆኖ ፕሮግራሙ ቀይ ካበራ ለቀዩ አትገዙ። ልጁ የራሱን ድምፅ ቀድቶ ከፕሮግራሙ ድምፅ ጋር ተራ በተራ ይስማ፤ ፈራጁ ጆሮው ይሁን፣ ከጎኑም እናንተ። መጀመሪያ ዝም ብሎ ሦስት ጊዜ መስማት፣ ከዚያ ከድምፁ ጋር አብሮ ማለት፣ ከዚያ ብቻውን ማለትና መቅዳት፣ ከዚያ ማወዳደር። አንድ ዓረፍተ ነገር ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም።

የእኛ ልጆች የት እንደሚስቱ ማወቅ ይህን ሥራ ያቀልላችኋል። አማርኛ በቃል መጀመሪያ ላይ ሁለት ተነባቢ ተደራርቦ ሲመጣ አይወድም፤ ስለዚህ «ስኩል» የሚለው «እስኩል» ይሆናል። መድኃኒቱ «ስ»ን እንደ ፊኛ ማስተንፈስ ነው፦ «ስስስስ…ኩል»፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ማሳጠር። ምላስ በጥርስ መካከል የሚወጣበት የእንግሊዝኛ ድምፅ ደግሞ በእኛ ስለሌለ ወይ «ት» ወይ «ስ» ወይ «ዝ» ይሆናል። ለዚህ ትንሽ መስታወት ከኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀምጡ፤ ምላሱ ጫፍ ካልታየ አልተባለም።

ከዚህ ላይ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር አለ፤ የእንግሊዝኛን አነባበብ በፊደል አትጻፉላቸው። ፊደላችን ለአማርኛ ነው የተሰፋው። መርከብም በግም «ሺፕ» ተብለው ይጻፋሉ። ኮፍያም ጎጆም «ሃት» ይሆናሉ፣ ቀጭንም ቆርቆሮም «ቲን»። ልጁ ደብተሩ ላይ አንድ ዓይነት ያየውን ጆሮው ሁለት ብሎ አይለይለትም። ቃሉን በድምፅ ይቀበል፣ ጽሑፉን በራሱ በላቲን ፊደል ይይ።

ይህን ስጽፍ የጎንደር የአብነት ትምህርት ቤቶች ትዝ አሉኝ። በአታ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ አቋቋም የተባለውን የዝማሬ ትምህርት የሚማር ተማሪም ሆነ ገና ዳዊት የሚደግም ልጅ ከመምህሩ ፊት ቆሞ፣ ቀለሙን በጆሮው ተቀብሎ፣ በአፉ መልሶ ይሰጣል። በግዕዝ ንባብ የቃሉን የአነባበብ ዓይነት ስቶ ተነሹን ወዳቂ፣ ሰያፉን ተጣይ ካደረገው እዚያው ይታረማል፤ ወደሚቀጥለው አይዘልም። ትናንት የተቀበለውን ሳይከልስ ዛሬ አዲስ ቀለም አይሰጠውም። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ የመርሳትን ነገር ለክቶ ያሳተመው በ1885 እ.ኤ.አ. ነው፤ የእኛ መሪጌቶች ግን ክለሳን ሲያስጨንቁ የኖሩት ከዚያ በፊት ነው። ዛሬ ወጣቱ ይህን ትቶ ስልኩ ላይ በቋንቋ መማሪያው አፕ ቀን አለመዝለሉን የምታሳየው የእሳት ምልክት እንዳትጠፋ ብሎ ሌሊት ስድስት ሰዓት ሲል አንድ ትምህርት ጠቅ ጠቅ አድርጎ ይተኛል። መቶ ቀን አልተቋረጠም ይለኛል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ንገረኝ ስለው ዝም ይላል። ይህ ያሳዝነኛል።

ለክለሳ የምመክራችሁ አንኪን ነው፤ ፊቱ ላይ ጥያቄ፣ ጀርባው ላይ መልስ ያለውን ካርድ እየመላለሰ የሚጠይቅ ፕሮግራም ነው። በኮምፒውተር ላይም በአንድሮይድ ስልክም ነፃ ነው፤ ለአይፎን ብቻ ይከፈልበታል። ኢንተርኔት ሳይኖር ይሠራል፣ መብራት ድንገት ቢጠፋም የተመለሰውን ካርድ መዝግቦ ይዟል። ሲጫን በቀን 20 አዲስ ካርድ እንዲሰጥ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ለሕፃን ይህን ወደ 5 አውርዱት፣ ለአዋቂ ጀማሪ 8 ወይም 10። 20ውን እንዳለ የተወ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት ደስ ይለዋል፤ በሦስተኛው ሳምንት የክለሳው ካርድ በቀን ከመቶ ይበልጥበትና ይተወዋል። ያ ሰው ሲተው ያየሁት ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ ሂሳቡን ማንም ስላልነገረው ነው።

ካርዱ ፊት ላይ ሥዕል ብቻ ይሁን። ልጁ ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ከዚያ ገልብጦ ድምፁን ይሰማል። ሥዕሉ የፋሲል ግንብ፣ የሳሙና በር ታክሲ፣ የቤታችሁ ምድጃ ይሁን፤ በረዶ ላይ የሚንሸራተት ልጅ ለእኛ ሕፃን ሁለት እንቆቅልሽ ነው። ድምፁን አጥርቶ የሚናገር ሰው ፈልጋችሁ ራሳችሁ ቅዱ። ከቃሉ በፊት ግማሽ ሰከንድ ዝምታ ተዉ፤ አለዚያ የመጀመሪያው ድምፅ ተበልቶ ይቀራል። በክረምት ከሰዓት በኋላ አትቅዱ፣ ቆርቆሮው አያስቀዳም። ጠዋት፣ ግድግዳው ላይ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ሰቅላችሁ ቅዱ፤ የክፍሉን ማስተጋባት ይመጥጠዋል። በኤምፒ3፣ በ64 ኪሎቢት ብታስቀምጡት አንድ ደቂቃ ግማሽ ሜጋባይት አይሞላም። 600 ቃል፣ እያንዳንዱ 2 ሰከንድ፣ ሁሉም ተደምሮ ከ10 ሜጋባይት በታች ነው፤ በቴሌግራምም በፍላሽም ይሄዳል።

የአማርኛውን ትርጉም በኤክሴል አዘጋጅታችሁ ወደ አንኪ ስታስገቡ ፋይሉን ዩቲኤፍ 8 በሚባለው፣ የእኛንም ፊደል በሚይዘው የጽሑፍ አቀማመጥ አስቀምጡት። ይህ ካልሆነ አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይመጣል፤ የብዙ ሰው ልፋት እዚህ ላይ ጠፍቷል። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ካላችሁም እንዳለ አትገልብጡት። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደል በሚለዩበት የጋራ መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዩኒኮድ ያልተጻፈው ስልክ ላይ የላቲን ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። እንደገና መተየብ ይሻላል።

ለአስጎብኚነት ፈረንሳይኛ ወይም ጀርመንኛ ለምትማሩ አንድ ነገር ብቻ ላክል። በስልክ ያሉት ታዋቂ አፖች በአብዛኛው ከአማርኛ ተነስተው አያስተምሩም፤ በእንግሊዝኛ በኩል ነው የምትሄዱት። ፈረንሳይኛው ገብቷችሁ ሳለ በእንግሊዝኛው ትርጉም አንዲት ትንሽ ቃል ስለዘለላችሁ ተሳስታችኋል ትባላላችሁ። ስለዚህ በቀይ ምልክቱ ራሳችሁን አትለኩ።

ፕሮግራም ሰውን አይተካም። ፓትሪሺያ ኩል የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት የቻይንኛን ድምፅ ከፊታቸው ከተቀመጠ ሰው ተቀብለዋል፤ ያንኑ በቪዲዮ የቀረበላቸው ግን አልተቀበሉም። ይህን ካልኩ በኋላ ደግሞ ተቃራኒውን ልናገር። ክፍል ውስጥ ስሙ ሲጠራ የሚያቀረቅር ዓይን አፋር ልጅ አለ። ከማሽን ጋር ብቻውን ሲሆን ያችኑ ቃል 40 ጊዜ ይላታል፤ ማሽኑ አይስቅበትም፣ አይሰለቸውም። ለዚያ ልጅ ኮምፒውተሩ ከእኔ ይበልጣል። ሁለቱም እውነት ነው፤ የትኛው ልጅ ፊታችሁ እንዳለ እያያችሁ ወስኑ።

ኮምፒውተር ካነሰ ሁለት ልጅ በአንድ ስክሪን ይቀመጥ፣ ከዚያ በላይ ግን አይሁን። ለሁለት የሚከፍል ገመድ ተሰክቶ ሁለቱም ይስሙ። ማውስ የያዘው አይናገርም፣ የሚናገረው ማውስ አይነካም፤ በየአምስት ደቂቃው ይለዋወጡ። በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ስክሪኑ ይጠፋና ልጆቹ ጀርባ ለጀርባ ይቀመጡ፤ አንዱ ሥዕሉን ይናገራል፣ ሌላው ሰምቶ ይስላል። ያ ጠረጴዛ ሥር ያለ ልጅ ወረቀቱ ላይ ጠረጴዛ ላይ ከወጣ ሁለቱም ራሳቸው ያዩታል። መብራት በሚጠፋበት ቀን ደግሞ የጫማ ካርቶን በአምስት ክፍል ከፍላችሁ የወረቀት ካርድ ተጠቀሙ፦ የመጀመሪያው በየቀኑ፣ ሁለተኛው በየሁለት ቀኑ፣ ሦስተኛው በየአራት ቀኑ፣ አራተኛው በየሳምንቱ፣ አምስተኛው በየሁለት ሳምንቱ ይጠየቃል። የታወሰ ካርድ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል፣ የተረሳ ካርድ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል።

መምህርቷን «አትዝለዪው፤ ማይክራፎኖቹን ግዢና ጥሪኝ» ብያታለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ሳይመጡ ስድስቱንም አንድ በአንድ እናስተካክላለን።