ጀማ የተያዘ አሳ ቤት እስኪደርስ

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ዓለም ከተማ ነው የምኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጀማ ወንዝ ወርጄ አሳ አጠምዳለሁ። ጠዋት የያዝኩትን በፌስታል ቋጥሬ ከሰዓት ቤት ስደርስ ሆዱ ለስልሶ፣ ሽታው ተቀይሮ አገኘዋለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ፌስታሉን ተወው። የጀማን ሙቀት ታውቀዋለህ፤ ፌስታል ውስጥ አሳው ይታፈናል። እንደያዝከው አናቱን በዱላ ምታው። ብዙ የተንፈራገጠ አሳ ሥጋው ቶሎ ይበላሻል። ወዲያው ስንጥቡን በቢላ ቁረጥና ደሙን አፍስስ።

ከዚያ እርጥብ ጆንያ አልብሰህ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ሥር አኑረው። ጆንያው ሲደርቅ ውሃ ርጭ አድርግበት፤ ውሃው ሲተን ያቀዘቅዘዋል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ግን በፍጹም አትዘፍዝፈው። ማቀዝቀዣ ካለህ ማታውን ሃይላንድ ውስጥ ውሃ አግግረህ ይዘህ ውረድ። ከበረዶ የሚተካከል የለም።

ሆዱ የሚለሰልሰው የአንጀቱ ፈሳሽ ሥጋውን ስለሚበላው ነው። መንገድህ ረጅም ስለሆነ ሆድ ዕቃውን እዚያው ወንዙ ዳር አውጣ። ቅርፊቱን ቤት ስትደርስ ታነሳዋለህ።

አምባዛ ለብቻው ነው። አየር ስለሚተነፍስ እርጥብ ጆንያ ውስጥ ለሰዓታት በሕይወት ይቆያል። ሌላው አሳ ግን ስንጥቡ ከቀይ ወደ ቡናማ ከዞረና ከሸተተህ፣ ለልጆችህ አታቅርበው።