ፓስቴል ከመግዛትሽ በፊት ስለ ወረቀቱና ስለ መስታወቱ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። በውሃ ቀለም ጀመርሽ፤ ወረቀቱ እየተንሻፈፈ ቀለሙም እየተዝረከረከ ሲያስቸግርሽ «ይሄ ለእኔ አልተፈጠረም» ብለሽ እንደ ጠመኔ በእጅ ተይዞ ወደሚቀባው ደረቅ ቀለም፣ ወደ ፓስቴል፣ ልትዞሪ ነው። የእናትሽን ምስል ሠርተሽ በፍሬም ልትሰጫት አስበሻል። የጠየቅሽው ደግሞ ባለ ስንት ቀለም ሳጥን ልግዛ ነው። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች 24 ይሁን 48 እያሉ ተከራክረዋል። እኔ በሳጥኑ ብዙም አልጨነቅም። ያንገበገበኝ ሌላ ነው፤ እሱንም እነግርሻለሁ።

1ኛ፦ እጅሽን ከመርገምሽ በፊት ወረቀትሽን ጠርጥሪ። ሰው ገንዘቡን ሁሉ ቀለም ላይ ጨርሶ ወረቀት ላይ ይሰስታል። መሆን የነበረበት ተገላቢጦሹ ነው። የምትሠሪበት «ለሁሉም ዓይነት ቀለም ይሆናል» የሚል የተጻፈበት ደብተር ነው ብዬ እገምታለሁ። የእኔም እሱ ነበር። ለእርሳስና ለከሰል ምንም አይልም፤ ውሃ ሲነካው ነው ጉዱ የሚወጣው። አሁኑኑ ጠርዙ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ አድርጊበት። ወዲያው ከጠጣውና ቦታው ከጠቆረ፣ ወረቀቱ ሲሠራ በቂ ሙጫ አልገባበትም ማለት ነው። ጠብታው ድብልብል እንዳለ ላዩ ላይ ትንሽ ከቆየ ግን ወረቀቱ ተስፋ አለው።

ለውሃ ቀለም በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ፈልጊ፤ አቅም ከፈቀደ መቶ በመቶ ጥጥ የሆነውን። ጥጡ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ሰማይ ስትቀቢ ግማሹ ደርቆ ግማሹ እርጥብ ሆኖ ያን የአበባ ጎመን የመሰለ ጠርዝ ቶሎ አያመጣብሽም። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ስለዚህ በደብተር የተጠረዘውን ተይና ትልቁን ሉህ ግዢ። 56 በ76 ሴንቲ ሜትር የሆነው ሉህ 28 በ19 የሆኑ ስምንት ቁራጮች ይወጣዋል፤ ጀርባውም ይሠራል። እኔ ወረቀቱን ስቀይር ብሩሹም ያው፣ ቀለሙም ያው፣ እጁም ያው ነበር። ጓደኞቼ ግን ሥዕሉን አይተው «ማን አስተማረህ?» አሉኝ። ማንም!

2ኛ፦ ፓስቴሉን ግዢ፤ አልከለክልሽም። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ብሩሽ የለ፣ ውሃ የለ፣ እስኪደርቅ መጠበቅ የለ። ብቻ ለስላሳው ዱቄታሙ ፓስቴልና የዘይት ፓስቴል አንድ እንዳልሆኑ እወቂ፤ ስማቸው ተመሳስሎ ብዙ ሰው ያልፈለገውን ይዞ ይመለሳል። ወረቀቱ ሻካራ ይሁን። ዱቄቱን እፍ አትበዪው፤ አንዳንዱ ቀለም ካድሚየም የሚባል መርዛማ ብረት አለበት፣ ወደ ሳንባ የሚገባ ነገር አይደለም። ወረቀቱን ቀጥ አድርገሽ ከጀርባው መታ መታ አድርጊው።

አሁን ወደ መስታወቱ ልምጣ። አያቴን በፓስቴል ሠራኋት። የፊቷን ጥላ ለማውጣት ቡናማውን በሐምራዊ ላይ ስደርብ፣ በጣቴ ሳዋህድ ከረምኩ። ግንባሯ ላይ ያረፈውን ብርሃን መጨረሻ ላይ በአንድ ነጭ ጭረት አሳረፍኩት። ዛሬም ድረስ እንደዚያ ያለ ጭረት አልወጣልኝም። ፍሬም ቤት ወስጄ «መስታወቱ ሥዕሉን እንዳይነካው፣ መሃል ላይ ክፍተት ይኑረው» አልኩ። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ሥራችንን እናውቃለን» አለኝ።

ልወስደው ስሄድ መስታወቱ ፊቷ ላይ ተለጥፏል። ክፈቱት አልኩ፤ ከፈቱት። ያ ነጭ ጭረት መስታወቱ ላይ ቀርቷል። አንዱ ቅንድቧም አብሮ ሄዷል። ሲገፋ ተንሸራቶ ነው መሰለኝ ጉንጯ ወደ ጆሮዋ ተጎትቷል። ቆሽቴ አረረ። ሰውየው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሳይደርቅ አምጥተኸው ነው!» ፓስቴል ይደርቃል እንዴ? ዱቄት እኮ ነው! ገንዘቤን መልሱ ስል ገላመጠኝ፤ ከዚያ እንደ ትልቅ ውለታ «መስታወቱን በነፃ እንጠርግልህ» አለኝ። የአያቴን ግንባር ሊጠርግልኝ!

ስለዚህ በቃል አትመኚ። ሥዕሉንና መስታወቱን የሚያራርቀውን ወፍራም የካርቶን ክፈፍ፣ ፓስፓርቱ የሚሉትን፣ ራስሽ ቆርጠሽ አስገቢ። ወይም ደረሰኙ ላይ «መስታወት እንዳይነካ» ብለው እንዲጽፉልሽ አድርጊ። እኔ አሁን ቆሜ ካላየሁ ለማንም አልሰጥም። በመስታወት ፋንታ የፕላስቲክ መስታወት ካሉሽ እምቢ በይ፤ ሲወለወል ኤሌክትሪክ ይይዝና ዱቄቱን ወደ ራሱ ይስባል። ዱቄቱን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀውን፣ ፊክሳቲቭ የሚባለውን መርጪያ እመኑ የሚሉም አሉ። ስስ አድርጎ መርጨት አይከፋም፤ ግን ፈካ ያሉትን ቀለሞች ያጠቁራል፣ ከመስታወት ግፊትም አያድንም።

3ኛ፦ ስጦታ ስለሆነ ቀለሙ እንዳይለቅ አስቢበት። አንዳንዱ ሮዝና ሐምራዊ ብርሃን አይችልም። በውሃ ቀለም ከቀጠልሽ ቱቦው ላይ የተጻፈውን የቀለሙን ኮድ አንብቢ። ፒቢ 29 (PB29) አልትራማሪን ሰማያዊ ነው፤ ብርሃን ይችላል። ፒአር 83 (PR83) ጥንታዊው አሊዛሪን ቀይ ነው፤ ሲያዩት ያምራል፣ ግን በብርሃን ይፈዝዛል። ያልታመነውን ቀለም ወረቀት ላይ ጭረሽ ግማሹን በካርቶን ሸፍኚና ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ ለጥፊው። ከጥቂት ወራት በኋላ ካርቶኑን ስታነሺ ልዩነቱን ታያለሽ።

ከዚያ በኋላ አክሪሊክና የዘይት ቀለምም እሞክራለሁ ብለሻል። ያኔ እናወራለን። እስከዚያው ይህን ያዢ፦ የዘይት ቀለም በደረቀ አክሪሊክ ላይ ይቀባል፣ አክሪሊክ ግን በዘይት ላይ ከተቀባ ይላጣል። የዘይት ቀለም የሚበጠበጥበት የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ደግሞ ጠቅልለሽ ቅርጫት ውስጥ እንዳትጥዪ። ዘይቱ ከአየር ጋር ተዋህዶ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የታጨቀ ጨርቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግተሽ አድርቂው። ይሄን ቀልድ እንዳታደርጊው።

የጠብታውን ሙከራ ዛሬውኑ አድርጊና ወረቀቱን ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊልኝ። የደብተሩን ሽፋንም፣ ግራሙ ከተጻፈበት በኩል። ሳጥኑን ገና ካልገዛሽ እስከዚያ ቆዪ።