የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለሜሪላንድ ዴሌጌትነት የሚወዳደር ከመካከላችን ሲነሣ

በዚህ እትም የመለስናቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ስለ ሜሪላንድ ስቴት ምክር ቤት ምርጫ ናቸው። ምርጫው በየ4 ዓመቱ ነው፤ 2022፣ 2026፣ እያለ ይሄዳል። ስቴቱ 47 ዲስትሪክቶች (የምርጫ ክልሎች) አሉት። እያንዳንዱ ዲስትሪክት 1 ሴናተርና 3 ዴሌጌቶች (የታችኛው ምክር ቤት አባላት) ስለሚልክ የዴሌጌቶቹ ቁጥር 141 ነው።

«የምሠራው በፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። ለዴሌጌትነት ልወዳደር አስቤያለሁ። ከየት ልጀምር? ምን ያህልስ ያስወጣኛል?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ከሥራዎ ይጀምሩ። ሀች አክት የተባለው ሕግ የፌዴራል ሠራተኛ በፓርቲ ስም በሚደረግ ምርጫ ዕጩ እንዳይሆን ይከለክላል። የዲሲ ከተማ አስተዳደር ሠራተኞች ግን የከተማው የራሱ ሕግ ስላላቸው እሱን ያጣሩ። ያለ ደመወዝ ፈቃድ መውጣት አያድንም፤ መወዳደር ከፈለጉ ሥራውን መልቀቅ አለብዎት። «ገና አልተመዘገብኩም» ብለው ገንዘብ ማሰባሰብ ቢጀምሩም እንደ ዕጩነት ሊቆጠርብዎት ይችላል። ስለዚህ ለወዳጅ ዘመድ ከማብሰርዎ በፊት የመሥሪያ ቤትዎን የሥነ ምግባር ክፍል ያማክሩ።

ከዚያ አድራሻዎን ያጣሩ። ዴሌጌት ለመሆን 21 ዓመት፣ ሴናተር ለመሆን 25 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ከምርጫው በፊት በሜሪላንድ 1 ዓመት፣ በዲስትሪክቱ ደግሞ 6 ወር የኖሩ መሆን አለብዎት። የዲስትሪክቱ ቤት ዋና መኖሪያዎ፣ አድረው የሚነሡበት መሆን አለበት። በ2022 ሕዝቡ ያጸደቀው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ይህን አጥብቆታል። ያከራዩትን ቤት ወይም የእህትዎን አድራሻ ይዘው ከገቡ ተቃዋሚ መጀመሪያ የሚቆፍረው እሱን ነው።

የምዝገባ ክፍያው 50 ዶላር ብቻ ነው። ጊዜው የሚዘጋው በምርጫው ዓመት በፌብሩዋሪ የመጨረሻ ማክሰኞ ከምሽቱ 3 ሰዓት (በአሜሪካ አቆጣጠር 9 ሰዓት) ነው። ከዕጩነት ማመልከቻው ጋር ለስቴቱ የሥነ ምግባር ኮሚሽን የሀብት ማሳወቂያ ቅጽ ይሞላሉ። የዘመቻ ኮሚቴም ያቋቁማሉ። የኮሚቴው ሊቀ መንበርና ገንዘብ ያዥ በሜሪላንድ የተመዘገቡ መራጮች መሆን አለባቸው፤ ዕጩው ራሱ ገንዘብ ያዥ መሆን አይችልም። እዚህ ላይ በማኅበረሰባችን የሚደጋገም ስህተት አለ፤ ገንዘብ ያዥነቱን ለክብር ሲሉ ለአንድ ታላቅ ሰው መስጠት። ሥራው ግን እያንዳንዱን ዶላር መመዝገብና ሪፖርቱን በቀኑ ማስገባት ስለሆነ ኮምፒዩተር ላይ ፈጣን የሆነ፣ ቀን የማያሳልፍ ሰው ይምረጡ። ሊያከብሯቸው የፈለጉትን ታላቅ ሰው በሊቀ መንበርነት ያስቀምጧቸው።

«ሦስት ሰው ምረጡ ይላል። የእኛን ልጅ ብቻ ብመርጥ ድምጼ ይበላሻል?» (ከታኮማ ፓርክ)

አይበላሽም። ወረቀቱ የሚለው እስከ 3 ድረስ ነው። አንድ ብቻ ምልክት ቢያደርጉ ይቆጠራል፤ 4 ካደረጉ ግን ለዚያ ወንበር የሰጡት በሙሉ ይሰረዛል።

አንድ ብቻ መምረጥ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ከፍተኛ ድምጽ ያገኙት 3 ዕጩዎች ናቸው የሚያልፉት፤ የእርስዎ ዕጩ ለሦስተኛነት ከሌላ ሰው ጋር ተናንቆ ከሆነ ለዚያ ሰው የሰጡት ሁለተኛ ድምጽ የራስዎን ዕጩ ሊጥለው ይችላል። ነገር ግን ዕጩው ከሌሎች ጋር በአንድ ቡድን ከቆመ፣ ደጋፊዎቹ «እሱን ብቻ ምረጡ» እያሉ በአማርኛ ሲቀሰቅሱ ወሬው ለአጋሮቹ ይደርሳል፤ እነሱም በየሰፈራቸው ስሙን ማንሣት ያቆማሉ። የእኛ ሰው ድምጽ ብቻውን አንድ ዲስትሪክት አያሸንፍም። በእኛ አስተያየት ዕጩው ይህን ከመጀመሪያው ቀን ወስኖ ለደጋፊው ሁሉ በአንድ ቃል መንገር አለበት።

ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። በሞንጎመሪ ካውንቲ አብዛኛውን ጊዜ ወንበሩ የሚወሰነው በዴሞክራቶች ፕራይመሪ (ፓርቲው ዕጩዎቹን በሚለይበት ቅድመ ምርጫ) ነው። በፕራይመሪው የፓርቲ ዕጩዎችን የሚመርጠው በፓርቲው ስም የተመዘገበ ብቻ ነው። ዜግነት ሲያገኙ ፎርሙ ላይ «ፓርቲ የለኝም» ብለው የሞሉ ብዙ ወገኖቻችን በዚያ ቀን ሄደው የዴሌጌት ዝርዝር የሌለው ወረቀት ይሰጣቸዋል። ፓርቲ መቀየር የሚቻለው ምርጫው 21 ቀን እስኪቀረው ድረስ ነው። እባክዎ ዛሬውኑ ምዝገባዎን በስቴቱ ምርጫ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ይመልከቱ፤ የባለቤትዎንም፣ የልጆችዎንም።

«ቤት ለቤት ለመቀስቀስ የእኛን ሰዎች ከመራጮች መዝገብ እንዴት እንለያቸው?» (የበጎ ፈቃደኞች አስተባባሪ)

የመራጮች መዝገብ ከምርጫ ቦርድ ይገዛል። ኮምፒዩተሩ ቤተሰብን በመጨረሻ ስም ሲያሰባስብ እኛን ይበትነናል፤ ባል በአባቱ ስም፣ ሚስት በአባቷ ስም፣ ልጆች በአባታቸው ስም ነው የተመዘገቡት። ስለዚህ በስም ሳይሆን በአድራሻ ያሰባስቡ። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ ተነጥለውም ተያይዘውም ይጻፋሉ፤ «ጸ» በላቲን ፊደል ቢያንስ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ አለው። ሁሉንም ይፈልጉ። በስም ብቻ ከሄዱ ደግሞ ሙስሊም ወገኖቻችንና የፈረንጅ ስም ያላቸው ልጆች ያመልጧችኋል፤ የጎደለውን የሚሞላው በየሕንፃው የሚኖር ሰው ነው። አንድ ቀስቃሽ በሰዓት 15 እስከ 20 በር ያንኳኳል፤ ከዚያ በላይ ከሮጠ ሰው አላናገረም ማለት ነው።

«በሬስቶራንት እራት አዘጋጅተን፣ ዳቦ በጨረታ ሸጠን ለዕጩው ገንዘብ ብንሰበስብ ችግር አለው? እድራችንስ መስጠት ይችላል?»

እራቱ ይቻላል፤ ጥንቃቄው በአሰባሰቡ ነው። የመግቢያ ትኬቱም፣ የጨረታው ገንዘብም መዋጮ ስለሆነ የሰጪው ስምና አድራሻ ይመዘገባል። ከአንድ ሰው በጥሬ ገንዘብ ከ100 ዶላር በላይ መቀበል አይቻልም፤ ከዚያ በላይ በቼክ ወይም በካርድ ይሁን። አንድ ሰው ለአንድ ዕጩ በ4 ዓመቱ ዙር የሚሰጠው ከ6,000 ዶላር መብለጥ የለበትም። ቅርጫት አዙሮ ስም የሌለው ብር መሰብሰብ፣ ወይም አንዱ ለአምስት ሰው ከፍሎ በየስማቸው ማስመዝገብ ሕግ መጣስ ነው። ባለ ሬስቶራንቱ ምግቡን በነጻ ከሰጠ ዋጋው ተገምቶ እንደ መዋጮ ይጻፋል። የአስተናጋጆቹ በጎ ፈቃድ ጉልበት ግን አይቆጠርም።

እድሩ ወይም ቤተ ክርስቲያኑ በ501(ሐ)(3)፣ ማለትም ከግብር ነጻ በሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅትነት፣ የተመዘገበ ከሆነ ከካዝናው አንድ ዶላር መስጠት አይችልም፤ ከግብር ነጻ የሆነበትን መብት ሊያጣ ይችላል። አባላቱ ከየኪሳቸው ይስጡ። ግሪን ካርድ ያለው መስጠት ይችላል፤ በተማሪ ቪዛ ያለ ወይም ጥገኝነት ጠይቆ የሚጠባበቅ አይችልም። ቨርጂኒያ የሚኖሩ ዘመዶችም መስጠት ይችላሉ።

«ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ታኮማ ፓርክ ላይ መርጬ አውቃለሁ። ይህንን የስቴቱን ምርጫስ መምረጥ እችላለሁ?»

አይምረጡ! ታኮማ ፓርክ ዜጋ ላልሆኑ ነዋሪዎች የፈቀደው የከተማውን ምርጫ ብቻ ነው። በስቴት ምርጫ ዜጋ ሳይሆኑ መመዝገብ ወይም መምረጥ ዜግነት ያስከለክላል፤ ከአገርም ሊያስወጣ ይችላል። መኪና ይንዱ፣ ስልክ ይደውሉ፣ በር ያንኳኩ፤ ይህ ሁሉ ተፈቅዶልዎታል።

«እናቴ ዜጋ ናቸው፣ እንግሊዝኛ ግን አያነቡም። የአማርኛ ወረቀት አለ?»

በፌዴራል ሕግ የግድ የሆነ የለም፤ መኖር አለመኖሩን ከምርጫ ቦርድ ይጠይቁ። የምርጫ ወረቀት በሌላ ቋንቋ እንዲታተም የሚያስገድደው የፌዴራል ሕግ የስፓኒሽ፣ የእስያና የቀደምት አሜሪካውያን ቋንቋዎችን እንጂ የአፍሪካ ቋንቋዎችን አይጨምርም። ሆኖም ማንበብ የማይችል መራጭ የፈለገውን ረዳት ይዞ የመግባት መብት አለው፤ አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ሹም ብቻ አይሆንም። አብረዋቸው ይግቡ፤ ምርጫው ግን የእሳቸው ይሁን። በፖስታ ከመረጡ ደግሞ በመመለሻው ፖስታ ላይ ያለውን ቃለ መሐላ መፈረማቸውን ያረጋግጡ።

በራሪ ወረቀት ለምታዘጋጁ፦ ጣቢያዎቹ ክፍት የሚሆኑት በአሜሪካ አቆጣጠር ከ7 እስከ 8 ሰዓት፣ በእኛ ከጠዋቱ 1 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ሁለቱንም ጻፉ፤ «እስከ 8 ሰዓት» ብቻ ካላችሁ በሐበሻ ሰዓት የሚቆጥሩ እናት ከቀትር በኋላ ተዘግቷል ብለው ቤት ይቀራሉ።